የአሥር ዶላሩ ገዢ

በካናዳዋ ቪክቶሪያ ከተማ ይኖር የነበረ አንድ የ17 ዓመት ተማሪ በ2003 ለትንሿ የድረ ገጽ ንድፍ ሥራው አድራሻ አወጣ። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የልጁ ስም ማይክ ሮው ነው። ከስሙ ቀጥሎ «ሶፍት» የምትል ቃል ጨመረና አድራሻውን «ማይክ ሮው ሶፍት ዶት ኮም» አለው። ቶሎ ቶሎ ለሚጠራው ሰው ማይክሮሶፍት ነው የሚመስለው፤ ልጁም ይህ ሳይገባው የቀረ አይደለም። የማይክሮሶፍት ጠበቆች ግን ቀልዱ አላሳቃቸውም። አድራሻውን እንዲያስረክብ ጻፉለትና ለስሙ 10 ዶላር አቀረቡለት። ለምዝገባ ያወጣውን ያህል ማለት ነው። ልጁ ተናደደ፤ በንዴቱም 10 ሺህ ዶላር ሲል መለሰ።

ያቺ አንዲት መልስ ተመልሳ መጣችበት። በጥር 2004 ጠበቆቹ 25 ገጽ ደብዳቤ ሲልኩለት፣ «ስሙን የያዝከው ከመነሻው ኩባንያውን ገንዘብ ለማስከፈል ነው» ለሚለው ክሳቸው ማስረጃ ያደረጉት እሱው የጠራውን ዋጋ ነበር። እንደ ዕድል ሆኖ ወሬው ጋዜጦች ላይ ወጣ፤ ሕዝቡ ለልጁ ወገነ፤ ለጠበቃ የሚሆን መዋጮም ተሰበሰበለት። ማይክሮሶፍትም ለዘብ አለ። ልጁ አድራሻውን አስረክቦ የሥልጠና ዕድል፣ ወደ ኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት የጉብኝት ጉዞና የኤክስቦክስ መጫወቻ አገኘ። ብዙዎች ይህን ታሪክ የዳዊትና የጎልያድ አድርገው ያወሩታል። በዶሜይን ንግድ ውስጥ ያለ ሰው ግን ሌላ ነገር ያይበታል፤ ልጁን ያተረፈው ጋዜጣው እንጂ ድርድሩ አልነበረም።

ዶሜይን የሚባለው የድረ ገጽ ስም ነው። ስሙን ያስመዘገበ ሰው በየዓመቱ እያደሰ ይይዘዋል፤ ነገሩ የከተማ ቦታን በሊዝ ከመያዝ ጋር ይቀራረባል። የመጀመሪያው የዶት ኮም ስም «ሲምቦሊክስ» ሲሆን የተመዘገበው በመጋቢት 1985 ነበር። ዛሬ በዓለም ላይ ከ350 ሚሊዮን በላይ ስሞች ተመዝግበዋል፤ ከእነዚህ ውስጥ ከ150 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑት ዶት ኮም ናቸው። አጭርና ጥሩ የሚባለው ስም ሁሉ ከተያዘ ቆይቷል። ስለዚህ አዲስ ድርጅት የሚከፍት ሰው የሚፈልገውን ስም ሌላ ሰው እጅ ላይ ያገኘዋል፣ ገበያውም ከዚህ ይጀምራል።

ጠቡም የሚጀምረው ከዚሁ ነው። አንድ ስም ለማስመዝገብ በዓመት ከ10 እስከ 20 ዶላር ይበቃል፤ ገዢው የሚያውቀው ዋጋም ይኸው ነው። በሌላ በኩል ማይክሮስትራቴጂ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2019 «ቮይስ ዶት ኮም»ን ብሎክ ዶት ዋን ለተባለ ድርጅት በ30 ሚሊዮን ዶላር ጥሬ ገንዘብ ሸጧል። በአሥር ዶላርና በ30 ሚሊዮን መካከል መዛኝ ሚዛን የለም። እያንዳንዱ ስም በዓለም ላይ አንድ ብቻ ስለሆነ ጎረቤት ሱቅ ገብቶ ዋጋ ማነጻጸር አይቻልም። ገዢው ሻጩን ዘራፊ፣ ሻጩም ገዢውን ለማኝ አድርጎ ማየት የሚቀናቸው ለዚህ ነው።

ከአስቸጋሪ ገዢዎች ሁሉ በብዛት የሚመጣውም «በአሥር ዶላር የገዛኸውን አምስት ሺህ ትለኛለህ?» የሚለው ነው። አንዳንዱ ስድብ ይጨምርበታል፣ አንዳንዱ «ተማሪ ነኝ»፣ «ለበጎ አድራጎት ነው» ይላል፤ ሌላው «ሌላ ስም አግኝቻለሁ፤ ዛሬ ካልሸጥክልኝ ይቅርብህ» እያለ ያስፈራራል። ልምድ ያላቸው ነጋዴዎች ለዚህ ሁሉ ረጅም ማብራሪያ አይሰጡም። ስሙ ለምን ውድ እንደሆነ አራት አንቀጽ መጻፍ ለገዢው አራት የመከራከሪያ በር መክፈት ነው። «ስለ ጥያቄዎ አመሰግናለሁ፤ ዋጋው አምስት ሺህ ዶላር ነው፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ይጸናል» ማለት ይበቃል። ለስድብም ቢሆን መልሱ ይኸው ነው። ከተሳዳቢዎቹ መካከል ከሁለት ሳምንት በኋላ በትሕትና ተመልሶ የሚከፍል አለ፤ በመጀመሪያው ቀን የተመለሰለት ስድብ ግን እሱንም ያስቀረዋል።

ስሙን ጨርሶ መሸጥ የማይፈልግ ባለቤትም አለ፤ ለገዢ ከዚህ የባሰ ባለጋራ የለም። የኮምፒውተር ደኅንነትና የምስጢራዊ ጽሑፍ ምሁሩ ማት ብሌዝ «ክሪፕቶ ዶት ኮም»ን ያስመዘገበው በ1993 ነው፤ ቢትኮይን ከመፈጠሩ ከ15 ዓመት በፊት። የዲጂታል ገንዘቡ ግርግር ሲነሳ ጠያቂው በዛ። ፕሮፌሰሩ ስሙ እንደማይሸጥ በገጹ ላይ ጽፎ ተቀመጠ። በ2018 ግን ሞናኮ ለተባለ ኩባንያ ሸጠው፤ ኩባንያውም ራሱን በዚሁ ስም ጠራ። ዋጋው ለሕዝብ አልተነገረም። «አይሸጥም» የሚለው ቃል ከልብ ሲሆን ከየትኛውም የድርድር ብልሃት እንደሚበልጥ ከዚህ መረዳት ይቻላል። ዋጋ ለማስወደድ ብቻ የሚባል «አይሸጥም» ግን ገዢው ሦስት ወር ዝም ሲል ይጋለጣል።

ጊዜ ለሻጭ ብቻ አይሠራም። ቴስላ የኤሌክትሪክ መኪና መሥራት ሲጀምር «ቴስላ ዶት ኮም» ከ1992 ጀምሮ በሌላ ሰው ተይዞ ስለነበር ኩባንያው «ቴስላ ሞተርስ» በሚለው አድራሻ ለዓመታት ተገለገለ። ስሙን ያገኘው በ2016 ነው። የኩባንያው መሪ ኢለን መስክ ከሁለት ዓመት በኋላ ትዊተር ላይ እንደገለጸው ስሙን ለመግዛት ከአሥር ዓመት በላይ፣ 11 ሚሊዮን ዶላርና ብዙ ድካም ጠይቋል። በዚህ ጉዳይ ሁለቱም ወገኖች መጠበቅ ችለዋል። ገዢው በሌላ አድራሻ እየሠራ አደገ፤ ሲያድግም የመክፈል አቅሙ አብሮ አደገ። ትዕግሥት ግን ሁሌ እንዲህ አይከፍልም። ብዙ ጀማሪ ድርጅት ስሙን ሲጠብቅ ይከስማል፣ ወይም በተጠቀመበት ሌላ ስም ታውቆ የመጀመሪያውን ይረሳዋል። ሻጩም በየዓመቱ እያደሰ ይቀመጣል።

ከሁሉም የሚከፋው ጠበቃ ይዞ የሚመጣው ገዢ ነው።

የኢንተርኔት ስሞችን የሚያስተዳድረው አይካን የተባለው ድርጅት በ1999 ፍርድ ቤት ሳይኬድ ክርክር የሚታይበት ሥርዓት አወጣ። ከሳሽ ሦስት ነገር ማስረዳት አለበት፦ ስሙ ከንግድ ምልክቱ ጋር አንድ ወይም አደናጋሪ በሆነ መጠን ተመሳሳይ መሆኑን፣ የያዘው ሰው በስሙ ላይ ሕጋዊ ጥቅም እንደሌለው፣ እንዲሁም ስሙ የተመዘገበውም ሥራ ላይ የዋለውም በክፉ ልቦና መሆኑን። ጄኔቫ የሚገኘው የዓለም የአእምሯዊ ንብረት ድርጅት በ2023 ብቻ ከ6 ሺህ በላይ እንዲህ ያሉ አቤቱታዎች ቀርበውለታል። አንድ ዳኛ የሚያየው ክስ ከሳሹን 1,500 ዶላር ያስከፍለዋል። አምስት ሺህ ዶላር የተጠየቀ ገዢ ይህን ሂሳብ ማስላት አይሳነውም።

በዚህ ሥርዓት ውሳኔ ያገኘው የመጀመሪያው ጉዳይ ሻጭ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ነው። አንድ የካሊፎርኒያ ነዋሪ በጥቅምት 1999 «ወርልድ ሬስሊንግ ፌዴሬሽን ዶት ኮም»ን አስመዘገበ፤ በሦስተኛው ቀን ለራሱ ለትግል ድርጅቱ ኢሜይል ልኮ ስሙን በ1,000 ዶላር ሊሸጥለት ጠየቀ። በጥር 2000 ዳኛው ስሙ ለድርጅቱ እንዲተላለፍ ወሰኑ። ከምዝገባ ወጪ በላይ ገንዘብ ጠይቆ ለምልክቱ ባለቤት ለመሸጥ ብሎ ማስመዝገብ በሥርዓቱ መሠረት ራሱ የክፉ ልቦና ማስረጃ ነው፤ ማስረጃውን የጻፈውም ሻጩ በገዛ እጁ ነበር። በአሜሪካ በ1999 የወጣው ሕግ ደግሞ የባሰ ነው፤ ፍርድ ቤት በአንድ ስም ከ1,000 እስከ 100 ሺህ ዶላር ካሳ እንዲፈርድ ይፈቅዳል።

ስለዚህ ገዢ ዋጋ ሲጠይቅ ሻጭ አስቀድሞ ማየት ያለበት ቀኑን ነው። እሱ ስሙን ያስመዘገበው የገዢው የንግድ ምልክት ከመኖሩ በፊት ነው ወይስ በኋላ? በኋላ ከሆነ፣ ያውም ምልክቱ የታወቀ ከሆነ፣ ዋጋ መጥራቱ እሳት መጫር ነው፤ ጠበቃ ሳያማክሩ አለመመለስ ይሻላል። በፊት ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል።

ሪክ ሽዋርትዝ የተባለው ታዋቂ የዶሜይን ነጋዴ «ሴቭ ሚ ዶት ኮም»ን የያዘው በ1996 ነው። ከአሥር ዓመት በላይ ዘግይቶ በዚያ ስም ሥራ የጀመረ የብራዚል ወገን ስሙን በክስ ሊወስድ ሞከረ። በ2012 ሦስት ዳኞች ክሱን ውድቅ አደረጉ፤ በዚያም ሳያበቁ ከሳሹ ሥርዓቱን የሰው ስም ለመንጠቅ ተጠቅሞበታል ሲሉ ወሰኑ። እንዲህ ያለ ውሳኔ ከሳሹን ገንዘብ አያስቀጣውም። የከሳሹ ስም ግን በሕዝብ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ ሽዋርትዝም ይህን በየመድረኩ ከመናገር የሚቆጠብ ሰው አልነበረም።

ሐቅ በእጁ ያለ ሰው ሁልጊዜ በርካሽ ያመልጣል ማለት ግን አይደለም። ኢየሩሳሌም ተወልዶ በአሜሪካዋ ሰሜን ካሮላይና ይኖር የነበረው ኡዚ ኒሳን በቤተሰብ ስሙ የተጠራ የኮምፒውተር ድርጅት ነበረው፤ «ኒሳን ዶት ኮም»ን በ1994 አስመዘገበ። በ1999 የጃፓኑ መኪና አምራች ከሰሰው፤ 10 ሚሊዮን ዶላር ካሳም ጠየቀ። ክርክሩ ዓመታትን ፈጀ፤ ሰውየው ስሙን ሳያስነጥቅ ዘለቀ፣ የከፈለው ዋጋ ግን ብዙ ነበር። በዚህ ፍርድ ውስጥ ለሻጮች የምትጠቅም አንዲት ነጥብ አለች። ፍርድ ቤቱ ኡዚን ጥፋተኛ ያለው ገጹ ላይ በለጠፋቸው የመኪና ነክ ማስታወቂያዎች ነው። ስሙ የራሱ ነው፣ ኮምፒውተር መሸጡም የራሱ ጉዳይ ነው፤ በኒሳን ስም የመኪና ማስታወቂያ መለጠፉ ግን የሰው ገበያ ውስጥ መግባት ሆነ። ባዶ ገጽ ላይ ማስታወቂያ ለቅሞ የሚለጥፍ አገልግሎት የሚጠቀም ሻጭ ምን እየታየ እንደሆነ ቢቆጣጠር ይበጀዋል። ኡዚ ኒሳን ስሙን ሳይሸጥ በ2020 በኮቪድ ሕመም አረፈ።

ከጠበቃው ገዢ ሌላ ገዢ መስሎ የሚመጣ ሌባ አለ። አንደኛው ዘዴ እንዲህ ነው። ማንም ጠይቆት ለማያውቅ ተራ ስም ድንገት 20 ሺህ ዶላር የሚያቀርብ ሰው ይጽፋል። ሻጩ በደስታ ይመልሳል። ገዢው ጨዋ ነው፣ ደግሞም አይከራከርም፤ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃል። «አለቆቼ ከመክፈላቸው በፊት ከታወቀ ድርጅት የዋጋ ግምት የምስክር ወረቀት ይፈልጋሉ» ይላል፤ የት እንደሚገኝም ይጠቁማል። ሻጩ መቶ ወይም ሁለት መቶ ዶላር ከፍሎ ወረቀቱን ያወጣል። ገምጋሚው ድርጅትና ገዢው አንድ ሰው ናቸው፤ ከዚያ ወዲያ ድምፁ አይሰማም። ሳይከራከር ከፍተኛ ዋጋ የሚቀበል ገዢ ከተሳዳቢው ይልቅ ሊያጠራጥር ይገባል።

ሁለተኛው ዘዴ ክፍያ ላይ ነው። ገዢው በካርድ ይከፍላል፣ ስሙን ይረከባል፣ ከዚያ ባንኩን «ይህን ክፍያ እኔ አልፈጸምኩም» ይለዋል። ባንኩ ገንዘቡን ይመልስለታል፤ ሻጩ ስሙንም ገንዘቡንም ያጣል። ለዚህ መፍትሔው መሀል ላይ አደራ ጠባቂ ማስገባት ነው። በዚህ ሥራ የታወቀው «ኤስክሮው ዶት ኮም» ከ1999 ጀምሮ አለ። ገዢው ገንዘቡን ለአደራ ጠባቂው ይከፍላል፤ ጠባቂው መግባቱን ሲያረጋግጥ ሻጩ ስሙን ያዛውራል፤ ገዢው መረከቡን ሲያምን ገንዘቡ ለሻጩ ይለቀቃል። ሌቦች እዚህም ደርሰዋል፤ የአደራ ጠባቂ ድርጅት የሚመስል የሐሰት ገጽ ሠርተው በኢሜይል ማገናኛውን ይልካሉ። ስለዚህ አድራሻውን ራስ ጽፎ መግባት እንጂ የተላከን ማገናኛ መጫን አይገባም። ስሙን ከአንዱ መዝጋቢ ድርጅት ወደ ሌላው የሚያዛውረውን ኮድም ገንዘቡ አደራ ጠባቂው ዘንድ ከመግባቱ በፊት ለማንም አይሰጡም። አዲስ የተመዘገበ ስም በመጀመሪያዎቹ 60 ቀናት ወደ ሌላ መዝጋቢ እንደማይዛወር ለገዢው አስቀድሞ መናገርም ከኋላ ጭቅጭቅ ያድናል።

ሌባ የግድ ገዢ መስሎ መምጣት የለበትም፤ ራሱ ሻጭ ሊሆንም ይችላል። «ፒ ቱ ፒ ዶት ኮም» በ2006 ከባለቤቶቹ መለያ ተሰረቀና ኢቤይ ላይ ለአንድ የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ተጫዋች ከ110 ሺህ ዶላር በላይ ተሸጠ። ተጫዋቹ የተሰረቀ ዕቃ መሆኑን አያውቅም ነበር። ሌባው የተያዘው በ2009 ነው፤ በ2011 የአምስት ዓመት እስር ተፈረደበት። ስለዚህ «የስሙ ባለቤት መሆንህን አረጋግጥልኝ» የሚል ነዝናዛ ገዢ ሲመጣ መቆጣት ተገቢ አይደለም። አስቸጋሪ የሚባለው ገዢ አንዳንዴ ጠንቃቃ ብቻ ነው።

ቀሪው አስቸጋሪ ገዢ ተስማምቶ የሚጠፋው ነው። ዋጋው ተቆርጧል፣ «ነገ እከፍላለሁ» ተብሏል፤ ነገም ከነገ ወዲያም ያልፋል። ቀብድ የለመደ የእኛ ነጋዴ እዚህ ላይ ብልጫ አለው። ስምምነቱ የሚጸናበትን ቀን በጽሑፍ ማስፈር፣ ቀኑ ሲያልፍ አንድ ጊዜ ብቻ ማስታወስ፣ ከዚያ ስሙን ለገበያ መመለስ በቂ ነው። ገዢው በአንዴ መክፈል ካቃተው በየወሩ የሚከፍልበትን መንገድ ብዙዎቹ የዶሜይን መገበያያዎች ያመቻቻሉ፤ ክፍያው እስኪያልቅ ስሙ በገበያው እጅ ይቆያል። ዋጋን በግማሽ ከመቀነስ ይህ ይሻላል።

ወደ አገር ቤት ስንመጣ «ዶት ኢቲ»ን የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው፤ የሚጧጧፈው የዳግም ሽያጭ ገበያ ግን ዶት ኮም ላይ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ተቀምጦ ስም ለመሸጥ የሚሞክር ወጣት ከገዢው በፊት የሚያስቸግረው የክፍያ መቀበያው ነው፤ ፔይፓልን የመሰሉ አገልግሎቶች እዚህ ላለ ሰው ገንዘብ መቀበያ አልሆኑም። ስለዚህ በአደራ ጠባቂው በኩል በባንክ ሐዋላ መቀበል ይችል እንደሆነ ማጣራት ያለበት ገዢ ከመምጣቱ በፊት ነው፤ ገዢው ከተስማማ በኋላ «ቆይ የማስተላለፊያ መንገድ ልፈልግ» ማለት ጥሩውን ገዢ ያስኮርፋል። ለአማርኛ ስሞች አንድ ተጨማሪ ችግር አለ። «ቡና» የሚለው ቃል በላቲን ፊደል ሲጻፍ «ኤን»ን አንድም ሁለትም ጊዜ መጻፍ ይቻላል፤ ዋጋ የበዛበት ገዢ በሌላኛው አጻጻፍ ሄዶ ያስመዘግባል። በአማርኛ ቃል ላይ ዋጋ ሲቆለል ይህ መታሰብ አለበት።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ የሚጣራ ነገር አለ። በአገራችን የብዙ ሆቴሎች፣ ትምህርት ቤቶችና ድርጅቶች አድራሻ የተመዘገበው በድርጅቱ ስም ሳይሆን ድረ ገጹን በሠራው ባለሙያ ኢሜይል ነው። ገዢ መጥቶ ጥሩ ዋጋ ሲያቀርብ ወይም ድርጅቱ ራሱ ሲሸጥ፣ ባለሙያው አገር ለቆ ወይም ኢሜይሉን ረስቶ ይገኛል። ዶሜይን ያላችሁ አንባቢዎች ዛሬውኑ ወደ መዝጋቢው መለያችሁ ግቡ፤ በማን ስምና በየትኛው ኢሜይል እንደተመዘገበ እዩ፤ የእናንተ ካልሆነም ገዢ በር ሳያንኳኳ አስተካክሉት።